የሶፍትዌር ስህተት አመዘጋገብና የቅድሚያ አሰጣጥ ሥርዓት

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚከናወኑ የመዝገብ፣ የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሥራዎች በኮምፒውተር መታገዝ ከጀመሩ ወዲህ የአንድ ፕሮግራም ስህተት የአንድ ሠራተኛ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም። በስህተት የተደመረ ቁጥር ወደ ሪፖርት፣ ከሪፖርት ወደ ዕቅድ፣ ከዕቅድም ወደ በጀት ሊያልፍ ይችላል። በመሆኑም ስህተቱ ለማንና በምን መልክ እንደሚነገር፣ ከብዙ ስህተቶች መካከልም የትኛው ቀድሞ እንደሚታረም ማወቅ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

ጉዳዩ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ክፍት ምንጭ በሚባሉት ሶፍትዌሮች ላይ ነው። የእነዚህ ሶፍትዌሮች ኮድ ለሕዝብ ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው ይችላል። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማውና በኢትዮጵያ የጤና መረጃ ሥርዓት ውስጥ ጥቅም ላይ የዋለው ዲኤችአይኤስ 2 ከእነዚህ አንዱ ነው። ብዙዎቹ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ከአንድ ኩባንያ በውል የተገዙ ባለመሆናቸው ስህተት ሲገኝባቸው የሚጠየቅ ሻጭ የለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው ፕሮጀክቶቹ ያቋቋሙት የስህተት መዝገብ ነው።

በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ ካላቸው ፕሮጀክቶች መካከል እ.ኤ.አ በ1993 በኢያን መርዶክ የተመሠረተው ዴቢያን ይጠቀሳል። በሊኑክስ ላይ የተገነባውን ይህን ሥርዓት የሚያዘጋጁት በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ በ1997 ባጸደቀው ማኅበራዊ ውል ችግሮቹን እንደማይደብቅና የስህተት መዝገቡን በማንኛውም ጊዜ ለሕዝብ ክፍት እንደሚያደርግ ቃል ገብቷል። እያንዳንዱ ሪፖርት የራሱ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ሲሆን፣ ጠቋሚውም ሆነ ሌላ ሰው በዚሁ ቁጥር የጉዳዩን ሂደት መከታተል ይችላል።

የአንድ ሪፖርት ጥቅም የሚለካው ስህተቱ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተደግሞ እንዲታይ በማስቻሉ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም የተጻፈ ደብዳቤ ሊመዘግብ ሲል ፕሮግራሙ ቀኑን አልቀበልም አለው እንበል። ሠራተኛው "ፕሮግራሙ አይሠራም" ብሎ ቢጽፍ ሪፖርቱ የሚደርሰው ባለሙያ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። በአንጻሩ የፕሮግራሙን እትም፣ በቅደም ተከተል የፈጸመውን ተግባር፣ ይጠብቀው የነበረውን ውጤት፣ በምትኩ የታየውን መልእክት እንዲሁም ጳጉሜን 5 ቀን ያለችግር መመዝገቡን ቢገልጽ፣ ባለሙያው ስህተቱ ከስድስተኛው ቀን አቆጣጠር ጋር የተያያዘ መሆኑን ወዲያውኑ ሊገነዘብ ይችላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በየአራት ዓመቱ አንዴ በመሆኑ እንዲህ ያለው ስህተት ያለጥቆማ ለዓመታት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ሪፖርቱ ከገባ በኋላ የማጣራት ሥራ ይከተላል። ቀደም ሲል በሌላ ሰው የተመዘገበ ከሆነ ከመጀመሪያው ጋር ይጣመራል፤ መረጃው ካልተሟላ ጠቋሚው ተጨማሪ ማብራሪያ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ስህተት ሆኖ ካልተገኘም ምክንያቱ ተጽፎ ይዘጋል። ይህን ሥራ ለማከናወን የግድ ፕሮግራም ጻፊ መሆን አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው የምዘና ሥራ ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ ክብደትና ቅድሚያ የሚባሉት ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ። ክብደት ስህተቱ የሚያደርሰውን ጉዳት መጠን ያመለክታል። ቅድሚያ ደግሞ ስህተቱ ካለው ጊዜና የሰው ኃይል አንጻር መቼ መታረም እንዳለበት የሚወሰንበት ነው። የሞዚላ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ በ1998 ሥራ ላይ ያዋለው ባግዚላ የተሰኘው የስህተት መዝገብ ሁለቱን በተለያዩ ዓምዶች እንዲሞሉ ያደረገ ሲሆን፣ ቅድሚያን ከ1 እስከ 5 ባሉ ደረጃዎች ይከፍላል።

የጳጉሜን 6 ስህተት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። ቀኗ ለመድረስ ሦስት ዓመት ሲቀራት የስህተቱ ቅድሚያ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። አንድ ወር ሲቀራት ግን ክብደቱ ሳይለወጥ ቅድሚያው ከፍ ይላል። ሁለቱ ካልተለያዩ ጠቋሚዎች ሁሉ የራሳቸውን ችግር እጅግ ከባድ እያሉ ስለሚያስመዘግቡ ምዘናው ትርጉም ያጣል።

ዴቢያን ስህተቶችን በሰባት የክብደት ደረጃዎች ይመድባል። ከፍተኛው ደረጃ መላውን ሥርዓት የሚያሰናክል ወይም ከባድ የመረጃ መጥፋት የሚያስከትል ስህተት ሲሆን፣ ዝቅተኛው ደግሞ ቢጨመር መልካም ነው የሚባል ምኞት ነው። ከላይ ባሉት ሦስት ደረጃዎች የሚመደቡት አዲስ እትም እንዳይወጣ የሚያግዱ ተደርገው ይታያሉ። ፕሮጀክቱ አዲስ እትም የሚያወጣው ዝግጁ ሲሆን ነው የሚል መርህ ያለው በመሆኑ ተጠቃሚዎች ብዙ የሚጠብቁባቸው ጊዜያት ነበሩ። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2002 ከወጣው እትም 3.0 በኋላ እትም 3.1 የወጣው እ.ኤ.አ በሰኔ 2005 ነው። ለመዘግየቱ የአዲሱ የመጫኛ ፕሮግራም ዝግጅትና የደኅንነት ማሻሻያ አሠራር አለመጠናቀቅን ጨምሮ የተለያዩ ምክንያቶች ነበሩት።

ሁሉም ስህተት ግን ወዲያውኑ በይፋ አይመዘገብም። ለጥቃት በር የሚከፍል ስህተት ማረሚያው ሳይዘጋጅ ቢገለጽ አጥፊዎች እንዲጠቀሙበት ስለሚያደርግ በቅድሚያ ለፕሮጀክቱ የደኅንነት ኃላፊዎች በምስጢር ይነገራል። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2014 ይፋ የሆነው ሃርትብሊድ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በኢንተርኔት የሚተላለፉ መልእክቶችን ለማመስጠር በሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ የተገኘው ይህ ስህተት ከኮምፒውተሮች ማኅደረ ትውስታ የይለፍ ቃልን የመሰሉ ምስጢሮች እንዲሾልኩ የሚያደርግ ነበር። ስህተቱን የጉግል የደኅንነት ባለሙያና ኮዴኖሚኮን የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ ባለሙያዎች በየፊናቸው ያገኙት ሲሆን፣ ማረሚያው ከመግለጫው ጋር በአንድ ቀን ወጥቷል።

ይሁን እንጂ ስህተቱ የነበረበት እትም የተሠራጨው እ.ኤ.አ በመጋቢት 2012 ነበር። ኮዱ ለማንም ክፍት ሆኖ ሳለ ከሁለት ዓመት በላይ ሳይደረስበት መቆየቱ፣ የኮድ ክፍት መሆን ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንና የሚመረምርና የሚጠቁም ሰው እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚገለገሉ መሥሪያ ቤቶችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ችግር የገጠመው ሠራተኛ ያየውን በዝርዝር ጽፎ ለተቋሙ የኮምፒውተር ባለሙያ ቢያቀርብ፣ ባለሙያው ደግሞ የባለጉዳዮችን ስምና ሌላ ምስጢራዊ መረጃ አስወግዶ በፕሮጀክቱ መዝገብ ቢያስመዘግብና ቁጥሩን ይዞ ቢከታተል፣ የሚገኘው እርማት ለዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን ሶፍትዌሩን ለሚጠቀሙ ሁሉ ይደርሳል። በተለይ ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠርና ፊደል ጋር የተያያዙ ስህተቶችን ቀድሞ የሚያያቸው በአብዛኛው በዚሁ ቀንና ፊደል የሚሠራው ሠራተኛ ነው። እርሱ ካልጠቆመ ሩቅ አገር ያለው ባለሙያ የስህተቱን መኖር የሚያውቅበት ዕድል ጠባብ ይሆናል።