ዐጥንትን ስለሚጠብቀው ፕሮቲንና ስለ ሰውነታችን ዘበኞች

አያቴ በወጣትነታቸው በፈትል ሙያ በሰፈሩ ሁሉ የታወቁ ነበሩ። ዛሬ ግን ጣቶቻቸው አብጠውና ጎብጠው እንዝርት ማሾር ተስኗቸዋል። ብዙ ዓመት «ብርድ ነው፤ ቁርጥማት ነው» እያሉ በቅቤ ሲታሹ ከቆዩ በኋላ ወደ ሐኪም ብንወስዳቸው፣ ሐኪሙ በሽታው ሩማቶይድ አርትራይትስ የሚባል መሆኑንና ዐጥንታቸውን የሚጎዳውም የገዛ ሰውነታቸው የመከላከያ ኀይል መሆኑን ነገሩን። እኔም «ከበሽታ ሊጠብቀን የተሰጠን ኀይል ስለምን በዐጥንት ላይ ይነሣል?» በማለት ተደንቄ ነገሩን መመርመር ጀመርሁ። የተረዳሁትንም ለጓደኞቼ፣ ለመምህራንና ለወላጆች ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችን ዐጥንትን እንደ ቤት ምሰሶ አንድ ጊዜ ከተተከለ የማይለወጥ ግዑዝ ነገር አድርገን እንገምተዋለን። ዳሩ ግን ዐጥንት ሕያው ነው። በውስጡ ሁለት ዐይነት ሠራተኞች አሉ፤ አንደኞቹ አሮጌውን ዐጥንት የሚያፈርሱ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ በፈረሰው ቦታ አዲስ የሚሠሩ ናቸው። በዚህም አኳኋን በዐዋቂ ሰው አካል ውስጥ ከጠቅላላው ዐጥንት አንድ ዐሥረኛ ያህሉ በየዓመቱ ይታደሳል። አፍራሾቹ ከሠሪዎቹ የበለጡ እንደሆነ ግን ዐጥንቱ ይሳሳል።

ታዲያ አፍራሾቹን የሚያዛቸው ማን ነው? ራንክል የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን በመክፈቻ ብንመስለው፣ አፍራሽ ለመሆን በተዘጋጁት ሕዋሳት ላይ ያለው ራንክ የተባለው ፕሮቲን ቁልፉ ነው። መክፈቻው ከቁልፉ ሲገባ ሕዋሳቱ አድገው ማፍረስ ይጀምራሉ። ሦስተኛው ፕሮቲን ኦስቲዮፕሮተጀሪን ሲሆን፣ ስሙም «ዐጥንት ጠባቂ» ማለት ነው። ይህ ጠባቂ እንደ ሐሰተኛ ቁልፍ ሆኖ መክፈቻውን በመንገድ ላይ ይይዘዋል፤ የተያዘውም መክፈቻ እውነተኛውን ቁልፍ ሊከፍት አይችልም።

ይህ ጠባቂ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያጠኑ ሌሎች ሊቃውንት አንድ ፕሮቲን አገኙ፤ ይኸውም የበሽታ ጀርም ቁራጭ ይዘው ለሰውነት ዘበኞች የሚያሳዩትን መልእክተኛ ሕዋሳት ዕድሜ የሚያስረዝም ነው። በ1998 ዓ.ም. የዐጥንት ተመራማሪዎች የአፍራሾቹን መክፈቻ ባገኙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ፕሮቲን ሆነው ተገኙ! በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ራንክል የሌላቸው አይጦች ሲመረመሩ ዐጥንታቸው ከልክ በላይ ደንድኖ፣ ጥርሳቸውም ሳይወጣ ታየ፤ ከዚህም በላይ፣ ሰው ሲቈስል ንፍፊት ሆነው የሚያብጡት ዕጢዎች አልነበሯቸውም። ስለዚህ ዐጥንት ጠባቂው መክፈቻውን ሲይዝ፣ ወደ ዘበኞቹ የሚሄደውንም ትእዛዝ ሊያቋርጥ ይችላል።

የአያቴን ጣቶች ነገር የተረዳሁት ከዚህ ላይ ነው። በዚህ በሽታ ጊዜ ዘበኞቹ ጠላት በሌለበት መገጣጠሚያ ይሰበሰባሉ። ቲ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና የመገጣጠሚያው ሽፋን ሕዋሳት ራንክልን በብዛት ያወጣሉ፤ ጠባቂው ፕሮቲን ለዚህ ሁሉ መክፈቻ ስለማይበቃ አፍራሾቹ ዐጥንቱን ይበሉታል። ሆኖም ዘበኞቹ ሁሉ በዳዮች አይደሉም። በ2007 ዓ.ም. በወጣ የአይጦች ምርመራ፣ በመቅን ውስጥ ካለው ጠባቂ ፕሮቲን አብዛኛውን የሚያወጡት ቢ የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና ወገኖቻቸው መሆናቸው ታውቋል።

የጠባቂውን ሥራ የሚመስል ዴኖሱማብ የተባለ መድኃኒት በ2010 ዓ.ም. በአሜሪካና በአውሮፓ ተፈቅዶ፣ ዐጥንታቸው ለሳሳ ሰዎች በየስድስት ወሩ በመርፌ ይሰጣል። ነገር ግን ራንክል ዘበኞቹንም የሚያገለግል ስለሆነ፣ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት የሚወስደው ሰው ተላላፊ በሽታ እንዳያጠቃው ይከታተሉታል።

ይህን ሁሉ ለአያቴ ባስረዳኋቸው ጊዜ «ልጄ፣ ዘበኛው ራሱ ቤቱን ካፈረሰ ለማን አቤት ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ዘበኞቹን እያበረደ ቀሪው ዐጥንት እንዳይጎዳ ይረዳቸዋል፤ የጎበጠው ጣት ግን አልተቃናም። ቀደም ብለን ወስደናቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬም ይፈትሉ ነበር እያልሁ አዝናለሁ። ስለዚህ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፣ ጧት ጧት የእጁ መገጣጠሚያ እያበጠ አልታዘዝ የሚለው ሰው በቤታችሁ ቢኖር፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ አቤት የሚባለው ለሐኪም ነውና ሳይውል ሳያድር ውሰዱት።