«ይችል ነበር» እና «ባደረገ ነበር»፦ የፓተንት ክርክር የግስ ቅርጾች በአማርኛና በጁባ ዓረብኛ

ለሕክምና መሣሪያ ወይም ለመድኃኒት የሚቀርብ የፓተንት ማመልከቻ ውድቅ ከሚደረግባቸው ምክንያቶች አንዱ ፈጠራው ለሙያው ሰው በቀላሉ የሚደረስበት ነው የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123ም ይህንኑ መመዘኛ ይዟል። እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚቃወም አመልካች መከራከሪያው በአንድ የግስ ቅርጽ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል፤ ይህም በአማርኛም ሆነ በጁባ በሚነገረው ዓረብኛ ይታያል።

የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት የይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1984 በመዝገብ ቲ 2/83 የሰጠው ውሳኔ ጉዳዩን ያብራራል። ማመልከቻው የጨጓራ አሲድ ማርከሻንና ሲሜቲኮን የተባለውን የሆድ ጋዝ ማስታገሻ በሁለት ንጣፍ የያዘ ክኒንን ይመለከት ነበር። ሲሜቲኮኑ ወደ ማርከሻው እየሰረገ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ፈልሳፊው በንጣፎቹ መካከል መከለያ አኖረ። መከለያ ማኖር ለሙያው ሰው አያዳግትም። ቦርዱ ግን ጥያቄው «ሊያኖር ይችል ነበር ወይ?» ሳይሆን «መሻሻልን ጠብቆ ባኖረ ነበር ወይ?» የሚለው እንደሆነ ገለጸ። ችግሩ ራሱ አስቀድሞ ያልታወቀ በመሆኑም መፍትሔው ኋላ ሲታይ ቀላል ቢመስልም ፈጠራነቱን ተቀበለ።

በአማርኛ «ሊያኖር ይችል ነበር» ችሎታን፣ «ባኖረ ነበር» ደግሞ ሁኔታው ቢሟላ ኖሮ ይከተል የነበረን ድርጊት ያመለክታል። አሻሚው «ያኖር ነበር» ነው። ይህ ቅርጽ ያለፈ ልማድንም ስለሚገልጽ፣ «የሙያው ሰው መከለያ ያኖር ነበር» የሚል ትርጉም ነገሩ ድሮም ይሠራበት እንደነበር ያስመስላል፤ በዚህም የፈጠራው አዲስነት ጭምር ለጥያቄ ይጋለጣል።

በደቡብ ሱዳን እንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. ከ2011 የሽግግር ሕገ መንግሥት ጀምሮ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው፤ በጁባ ገበያና መንደር ግን ጁባ ዓረብኛ በሰፊው ይነገራል። በዚህ ቋንቋ «ካን» ያለፈ ጊዜን፣ «ቢ» ገና ያልሆነን ወይም የሚታሰብን ድርጊት፣ «ጊ» ቀጣይ ወይም ተደጋጋሚ ድርጊትን ያመለክታሉ። ስለዚህ «ካን ቢ» ወደ «ባኖረ ነበር»፣ «ካን ጊ» ወደ ልማዳዊው «ያኖር ነበር» ይቀርባሉ። አማርኛ በአንድ ቅርጽ ሊያደባልቀው የሚችለውን ጁባ ዓረብኛ በሁለት ቅንጣቶች ይለየዋል።

የሕግ ስያሜዎች ዝግጅት ብዙውን ጊዜ በስሞች ላይ ያተኩራል። ለ«ፓተንት» እና ለ«ፈልሳፊ» አቻ ማግኘት አስፈላጊ ቢሆንም፣ የአመልካቹን መብት የሚያተርፈው ወይም የሚያሳጣው የግሱ ቅርጽ ሊሆን ስለሚችል፣ የሁኔታዊ ግሦች አቻም በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከነምሳሌው ሊሰፍር ይገባል።