የኋላው ረድፍ እንዲሰማ፦ በአነስተኛ መድረክ የድምፅ አያያዝ መሠረታዊ ነጥቦች

በየአጥቢያው አዳራሽ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና አጠባበቅ የሚያስተምሩ አጫጭር ድራማዎችን ከመዝሙር ጋር አሰናድተው ያቀርባሉ። ለዚህም ሳምንታት ይደክማሉ። በዕለቱ ግን ከፊት የተቀመጡት እንግዶች ጆሮአቸውን ሲይዙ፣ ከበሩ አጠገብ የቆሙት እናቶች ደግሞ ቃሉን ሳይለዩ ሲመለሱ በተደጋጋሚ አስተውለናል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ተዋናይ «አንድ ሊትር» ሲል ቃሉን ፉጨት ቢውጠው፣ የተበላሸው ትርኢቱ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ይዛው ልትሄድ የሚገባት ዕውቀትም አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም በአነስተኛ መድረክ ድምፅን በሥርዓት ለማሰማት ሊታወቁ የሚገባቸውን ነጥቦች በአጭሩ እናቀርባለን።

ከኃይል በፊት ቅርበት

ድምፅ አልሰማ ሲል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ በተለምዶ ሞንታርቦ የምንለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ መግዛት ነው። ነገር ግን የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ ቢሆን የሚገኘው ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ በመጠኑ የሚለየው ልዩነት ነው። በአንጻሩ በማይክሮፎኑና በተናጋሪው አፍ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ወደ ማይክሮፎኑ የሚገባው ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተያዘውን ማይክሮፎን ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ 12 ዴሲቤል ያህል ያስገኛል። ይህንኑ በኃይል ብቻ ለማግኘት 16 እጥፍ የሚበልጥ አምፕሊፋየር ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ከመውጣቱ አስቀድሞ የማይክሮፎን አያያዝ ሊስተካከል ይገባዋል።

ፉጨት ከየት ይመጣል?

ፉጨት የሚፈጠረው ከስፒከሩ የወጣው ድምፅ ተመልሶ በማይክሮፎኑ ሲገባ ነው። የገባው እንደገና ይጎላል፤ እንደገና ይወጣል፤ እንደገናም ይገባል። ይህ ዙር ካልተቋረጠ በቅጽበት ወደሚሰቀጥጥ ጩኸት ይለወጣል። ዙሩን ለማቋረጥ ስፒከሮቹ ከማይክሮፎኖቹ ፊት ለፊት አልፈው፣ በመድረኩ ጠርዝ በግራና በቀኝ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው ይቁሙ። ከተቀመጠው ሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው ቢቆሙ ድምፁ የፊተኛውን ረድፍ ሳያደነቁር ወደ ኋላ ይደርሳል።

አብዛኛው የእጅ ማይክሮፎን ድምፅን በይበልጥ የሚቀበለው ከፊቱ ሲሆን ከጀርባው የሚመጣውን ይቀንሳል። ተናጋሪው የማይክሮፎኑን ወንፊት በመዳፉ ሲሸፍነው ግን ይህ ጠባዩ ይጠፋል፤ ፉጨትም ይከተላል። እንዲሁም የተከፈቱት ማይክሮፎኖች ቁጥር እጥፍ በሆነ ጊዜ ሁሉ ያለ ፉጨት ልንጠቀምበት የምንችለው መጠን 3 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የማይናገረው ተዋናይ ማይክሮፎን ይዘጋ።

ሚክሰሩን መረዳት

በሚክሰሩ ላይ ለእያንዳንዱ ማይክሮፎን ሁለት ዋና ማስተካከያዎች አሉ። ከላይ የሚገኘው ጌይን ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ በመግቢያው ላይ ያጎላል፤ ከታች ያለው ደግሞ ወደ ስፒከሩ የሚላከውን መጠን ይወስናል። በሙከራ ጊዜ ተዋናዩ በመድረክ ላይ በሚናገርበት ድምፅ ይናገር። ጌይኑ ቀይ መብራት እስኪታይ ድረስ ቀስ ተብሎ ከፍ ይበል፤ ከዚያም ተዋናዩ ድምፁን አብዝቶ ሲያሰማ እንኳ መብራቱ እንዳይበራ ዝቅ ይደረግ። ቀይ መብራት እየበራ የሚተላለፍ ድምፅ ይሻክራል፤ ከዚያ በኋላ በሌላ ማስተካከያ ሊቃና አይችልም።

ቤዝን አብዝቶ መጨመርም የተለመደ ስሕተት ነው። በቋንቋችን ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎቹ ናቸው፤ «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ነው። ቤዝ ሲበዛ፣ በተለይም የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ፣ ይህ ልዩነት በገደል ማሚቶ ይሸፈናል። ሚክሰሩ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቀንስ ቁልፍ ካለው ለንግግር ሥራ ላይ ይዋል። ለመዝሙር ደግሞ ከበሮ በአነስተኛ አዳራሽ ማይክሮፎን አያሻውም፤ ለበገና ግን ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ የራሱ ማይክሮፎን በቅርብ ሊቆምለት ይገባል።

ጥንቃቄ

መሣሪያዎቹ ሲከፈቱ ሚክሰሩ ይቀድማል፤ አምፕሊፋየሩ በመጨረሻ ይበራል። ሲዘጉ ደግሞ አምፕሊፋየሩ አስቀድሞ ይጠፋል። ይህ ቅደም ተከተል ስፒከርን ከሚጎዳ ድንገተኛ ድምፅ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ገመዶች ሰው እንዳያደናቅፉ በፕላስተር ከወለሉ ጋር ይያዙ፤ እርጥበትም አይንካቸው። እምምታ የሚሰማ ድምፅን ለማጥፋት ሲባል የመሬት መስመርን መቁረጥ ግን በ220 ቮልት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግ።

ከኮሚቴዎች የሚጠበቀው

መሣሪያ የሚያሠራው ሰው ሳይሠለጥን የሚገዛ ዕቃ ከመጋዘን አያልፍም። ስለዚህ እያንዳንዱ አጥቢያ ቢያንስ ሁለት ወጣቶችን ለዚህ አገልግሎት ቢመድብ፣ አንደኛው በማይመቸው ቀን ሌላው ይተካዋል። ሚክሰሩም ከመድረኩ ጀርባ ሳይሆን ሕዝቡ በሚቀመጥበት ስፍራ ይሁን፤ ሕዝቡ የሚሰማውን የማይሰማ ባለሙያ ማስተካከል አይችልምና። ምእመናን ከመግባታቸው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሙከራ ይደረግ። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ልብስና ሰውነት ድምፅን ስለሚውጡ ጥቂት ጭማሪ እንደሚያስፈልግ ይታሰብ።

በሙከራው ጊዜ አንድ ሰው ከኋላው ረድፍ ተቀምጦ በመድረኩ የተነገረውን ቃል በቃል ይድገም። «አንድ ሊትር» የሚለውን ሳይሳሳት ከደገመ አዳራሹ ለእናቶቹ ተዘጋጅቷል፤ ከተሳሳተ ግን በሩ ሳይከፈት ማስተካከል ይቻላል።