“ሄደ እኮ! አሁን ምን ይደረጋል?”

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር ኩርፊያ ወይም ስለ ፊት ማድያት አይደለም። ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ለአንድ ወዳጄ መጥፎ ምክር ሰጥቻለሁ። ሰው እየመከረ እንጀራ የሚበላ ሰው ሲሳሳት በአደባባይ ቢናገር ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች አንዲት የቱሪስት ከተማ ውስጥ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ላይ ይሠራል። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ልጅቷ አሁንም እዚያው ናት። አንድ ቅዳሜ ማታ ሊጠይቀኝ መጣና ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አቀርቅሮ ተቀመጠ። “ምን ሆነሃል?” ስለው “ባክህ ተወኝ” ይላል። ስጨቀጭቀው ጊዜ ተነፈሰው።

አንድ ፈረንጅ ፔንሲዮኑ ውስጥ ክፍል ይዟል። ዕድሜው 60 ያለፈ፣ ትሁት፣ ለዘበኛው ሳይቀር ሰላምታ የሚሰጥ፣ ቲፕ ላይ እጁ የማይሰስት። በመጣ በአራተኛው ቀን በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ይዞ ገባ። ቢበዛ 13 ዓመት ቢሆናት ነው። “ትምህርት ቤት ላስገባት ነው፤ እንደ ልጄ ናት” አለ። ጫማ ገዛላት፣ ደብተር ገዛላት፣ ለአያቷ ዘይትና ዱቄት ላከ። ሰፈሩ በሙሉ “እግዜር ይስጠው” አለ። ልጅቷ ግን እዚያው ክፍል ማደር ጀመረች። ጠዋት ስትወጣ መሬት መሬት እያየች ነው። ከዘበኛው ጋር ስትቀላለድ የምትውለው ልጅ አንደበቷ ተዘጋ።

ወዳጄ ለሥራ አስኪያጁ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁም፣ “እንግዳ ነው፣ ይከፍላል። አንተ ቁልፍህን ስጥ” አለው። ከዚያ ነው እኔ ዘንድ የመጣው። እኔስ ምን አልኩት መሰላችሁ? “ወንድሜ፣ እንጀራህን ጠብቅ። ሰውዬው ነገ አገሩ ይገባል፤ አንተ ግን ሥራህን ታጣለህ።”

እውነትም አገሩ ገባ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወዳጄ ደወለልኝና፣ “ሰውዬው በረረ፤ ልጅቷ ቆሎዋን እንኳ መሸጥ ትታለች” አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ “ሄደ እኮ! አሁን ምን ይደረጋል?” አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እራቴ አልወረደልኝም።

ወንጀል ከባለቤቱ ጋር ይሳፈራል

ጋሼ የምላቸው አንድ ጠበቃ አሉ። ነገሩን ሳጫውታቸው መነጽራቸውን አውልቀው፣ “አልቋል ያለህ ማነው?” አሉኝ። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ሕግ እንደ ቀበሌ ይመስለኝ ነበር፤ ክልሉን ከተሻገርክ አይመለከትህም። ለካስ እንደዚያ አይደለም! ጋሼ ያስረዱኝንና ከዚያ በኋላ ራሴ አገላብጬ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ድሮ እኔ ያሰብኩት ዓይነት ነገር እውነት ነበር። ታይላንድና ፊሊፒንስን ወደመሳሰሉ አገሮች ከአውሮፓ፣ ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን የሚጎርፈው ቱሪስት ሁሉ ባሕር ለማየት የሚሄድ አልነበረም። ድሃ ቤተሰብ ያላቸውን ሕፃናት ፍለጋ የሚሄድም ነበረበት። ቢያዝ እንኳ ዋስ ጠርቶ ይወጣና ወደ አገሩ ይሾልካል። አገሩ ሲገባ ደግሞ በብዙ ቦታ “እዚህ ያጠፋው ጥፋት የለም” ተብሎ ይታለፋል። እንግዲህ ልጆቹ የት ይክሰሱ?

በ1990 እስያ ውስጥ በዚህ ነገር ያረሩ ሰዎች ተሰባስበው ጩኸት ጀመሩ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ “ዜጋችሁ እዚህ መጥቶ ለሠራው ወንጀል እናንተም እዚያ ጠይቁት።” ጩኸቱ ተሰማ። ጀርመን በ1993፣ አውስትራሊያና አሜሪካ በ1994፣ እንግሊዝና ካናዳ በ1997 ሕጋቸውን በዚሁ መንገድ አስተካከሉ። በ1996 ደግሞ የ122 አገሮች መንግሥታት ስዊድን፣ ስቶክሆልም ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ተቀመጡ።

ስዊድን ራሷ ከአንድ ዓመት ቀደም ብላ በ1995 አንድ የ69 ዓመት ጡረተኛ ዜጋዋን ለፍርድ አቁማ ነበር። ሰውዬው ታይላንድ ውስጥ፣ ፓታያ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ፣ በአንድ ታዳጊ ልጅ ላይ ለፈጸመው ወንጀል ነው አገሩ ላይ የተፈረደበት። ስንት ዓመት? ዓመት የለም፤ ሦስት ወር! ትስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ግን አስቡት፤ አገሬ ገባሁ ብሎ ሶፋው ላይ የተዘረጋ ሰው በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

ቅጣቱም እያደር ጠነከረ። የአሜሪካው የ1994 ሕግ አንድ ቀዳዳ ነበረበት። ዐቃቤ ሕጉ ሰውዬው ገና ከአገሩ ሲነሳ ያንን ክፉ ሐሳብ ይዞ እንደተነሳ ማስረዳት ነበረበት። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማን ያያል? ተከሳሹ “እኔ ለጉብኝት ነው የሄድኩት” ካለ ነገሩ ይከብዳል። በ2003 በወጣው ሕግ ያ ቀዳዳ ተደፈነ። ሄዶ ወንጀሉን ከፈጸመ አነሳሱ አይጠየቅም፤ ቅጣቱም እስከ 30 ዓመት እስራት ይደርሳል። አውስትራሊያ ደግሞ በ2017 ብሳ ሄደች። በሕፃናት ላይ በደል ፈጽመው መዝገብ ላይ የሰፈሩ ሰዎች ፓስፖርት እንዲከለከሉ ሕግ አወጣች።

የጎረቤታችን የኬንያ ነገር

“ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው” የምትሉኝ አትጠፉም። እንግዲያው ሩቅ ሳንሄድ ወደ ኬንያ እንሻገር።

ጊልጊል የምትባል ከተማ ውስጥ በበጎ አድራጎት ስም የሚንቀሳቀስ አንድ እንግሊዛዊ ነበር። የጎዳና ልጆችን በምግብና በገንዘብ እያባበለ ቤቱ ያስገባ ነበር። አገሩ ላይ፣ በርሚንግሃም ፍርድ ቤት ቀረበ። ልጆቹ፣ እነዚያ ማንም ሰው ዞር ብሎ የማያያቸው የጎዳና ልጆች፣ ናይሮቢ ሆነው በቪዲዮ መሰከሩበት። በ2015 የ17 ዓመት ከአራት ወር እስራት ተፈረደበት።

ሌላው አሜሪካዊ ነው። በ2008 ኬንያ ውስጥ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ከፈተ። ልጆቹ “አባባ” ሊሉት የሚገባ ሰው ማለት ነው። በ2017 ነገሩ ሲነቃበት ወደ አሜሪካ ፈረጠጠ። “ሄደ እኮ!” ተባለ እንግዲህ። ነገር ግን እዚያው ፔንሲልቬንያ የምትኖር አንዲት ኬንያዊት ወሬውን ከአገር ቤት ሰማች። እንደ እኔ “ምን ይደረጋል” ብላ አልተቀመጠችም። አገሯ ድረስ ሄዳ አጣራች፤ ጉዳዩ ለአሜሪካ ፖሊሶች እንዲደርስ አደረገች። ሰውዬው በ2020 ጥፋቱን አመነ፤ በ2021 የ15 ዓመት ከስምንት ወር እስራት ተፈረደበት። ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይቺን ሴት ልብ በሉልኝ።

ሁለቱም ሰዎች በር ሰብረው አልገቡም። ዳቦ፣ ጫማና የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘው ነው የገቡት። ሰፈሩም “እግዜር ይስጥልን” ነው ያለው፤ ልክ እንደ ወዳጄ ከተማ።

እኛስ?

ይሄ እኛ ዘንድ አልደረሰም ማለት ራስን ማታለል ነው። ወሎ ውስጥ የሕፃናት መንደር ይመራ የነበረ እንግሊዛዊ በ2003 እዚሁ በእኛው ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችንም ቀላል አይደለም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ እንዲህ ያለ በደል የፈጸመ ከሦስት እስከ 15 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ደግሞ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። “እሷም ፈቅዳ ነው” የሚባለው ነገር አይሠራም። ልጅ ፈቃድ የላትም፤ አያቷም በዘይት የምትሸጠው ፈቃድ የላትም።

ደግሞ ነገሩን ሁሉ ፈረንጅ ላይ ላላክክ አልፈልግም። በ2016 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት እንዲህ ያለውን ወንጀል በአብዛኛው የሚሠሩት እዚያው አገር ውስጥ ወይም ከጎረቤት አገር የሚንቀሳቀሱ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ለስብሰባ ክፍለ ሀገር ወርዶ “ልጅ ፈልግልኝ” የሚለው ባለክራቫት የእኛው ሰው ነው። ውጭ አገር ሄዶ የሚያጠፋ ኢትዮጵያዊም ቢሆን አያመልጥም። ከባድ ወንጀል ከሆነና በሁለቱም አገር ሕግ የተከለከለ ከሆነ፣ እዚያ ሳይዳኝ ቢመለስ እዚህ ሊጠየቅ እንደሚችል ሕጋችን ይላል። ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሕጉ ካለ ለምን ብዙዎቹ ያመልጣሉ? ጋሼ እንደነገሩኝ፣ ሕጉ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ማስረጃው ግን እዚህ ይቀራል። እዚህ የቀረውን የሚሰበስብ ከሌለ ፈራጁ ምን ይዞ ይፍረድ? ስለዚህ ሆቴል ለምትሠሩ፣ አስጎብኚ ለሆናችሁ፣ ታክሲ ለምትነዱ፣ ለሁላችሁም ይቺን ቆርጣችሁ አስቀምጡልኝ።

አንደኛ፣ ጻፉ። ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍል ቁጥር፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ። ወሬ አትጨምሩበት።

ሁለተኛ፣ ልጅቷን ወይም ልጁን እንደ መርማሪ አታፋጡ። በየደጁ አሥር ሰው ከጠየቃት ነገሩ ይደበላለቅባታል፤ ቁስሏም ያመረቅዛል። የምታምነው አንድ ሰው አጠገቧ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ነገሩ በቅርብ የተፈጸመ ከሆነ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ። ልብሷን አትጠቡት። ኤችአይቪንና እርግዝናን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፤ በቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። ጊዜው ቢያልፍም አትቅሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለተጎዱ ሴቶችና ሕፃናት የሕክምናውንም የሕጉንም አገልግሎት አንድ ላይ የሚሰጥ ማዕከል አለ።

አራተኛ፣ ዕድሜዋን የሚያሳይ ወረቀት ፈልጉ። እኛ አገር የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2016 ነው፤ ስለዚህ ብዙ ልጆች የልደት ወረቀት የላቸውም። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ይረዳል።

አምስተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ሕፃናትና ሴቶች ጉዳይ ክፍልን ጠይቁ። ሰውዬው ከአገር ከወጣ ደግሞ ለኤምባሲው በጽሑፍ አሳውቁ፤ ለአገሩ ፖሊስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስድስተኛ፣ አደራችሁን ፎቶዋን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት! ሰውዬውን አጋልጣለሁ ብላችሁ ልጅቷን ዕድሜ ልኳን ታጋልጧታላችሁ። “እናገርብሃለሁ” ብሎ ብር መቀበልማ ያው የእሱ ሸሪክ መሆን ነው።

ወዳጄ ዘንድ ልመለስ። ጋሼን ባነጋገርኩ ማግስት አውቶቡስ ተሳፈርኩና ያለበት ድረስ ሄድኩ። “ያኔ የመከርኩህ ስህተት ነው፤ ይቅር በለኝ” አልኩት። እሱም ምንም ሳይመልስልኝ ከጠረጴዛው ሥር የእንግዳ መመዝገቢያ ደብተሩን አወጣ። ሙሉ ስም፣ ዜግነት፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የገባበትና የወጣበት ቀን። ፊርማው ሳይቀር አለ። ሰውዬው በረረ ስንል በገዛ እጁ የጻፈው ማስረጃ አቧራ ለብሶ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ገጹን ኮፒ አድርገን ፖሊስ ዘንድ ሄድን፤ ለኤምባሲውም ጻፍን። የልጅቷ አያት መጀመሪያ “ስማችን ይጠፋል” ብለው እምቢ አሉ። በኋላ እሳቸው ራሳቸው እጇን ይዘው ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ወዳጄ ሥራውን አጥቷል፤ ሌላ እየፈለገ ነው። ከኤምባሲው እስካሁን የመጣ መልስ የለም። ይፈጥናል ብዬ አልዋሻችሁም፤ የኬንያዎቹም ዓመታት ፈጅቷል።

ልጅቷ አንድ ነገር ጠይቃኛለች። “ይመለሳል እንዴ?” አለችኝ። “እንዳይመለስ ነው የምንሮጠው” አልኳት። ያን ቅዳሜ ማታ ማኪያቶ ፊት ለፊት ተቀምጬ ይሄን ብዬ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባልተሰቃየች ነበር። ይሄንን ይዤ እኖራለሁ። እናንተ ግን እንደኔ አትዘግዩ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።