የቅኔ ተማሪው ቁራሽና የመንግሥት ባጀት

አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ተቀምጠህ የምታውቅ እንደ ሆነ ይህን ነገር ሳትሰማ አልቀረህም። ባጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የኪነ ጥበብ መስመር ነው። እኔ በተገኘሁበት አንድ ስብሰባ ላይ ለተማሪዎች የቴአትር ክበብ የተያዘች ጥቂት ገንዘብ ነበረች። አንድ የተከበሩ ሰው ብድግ ብለው «ውሃ ሳይኖረን ቴአትር ምን ያደርግልናል?» አሉ። ተጨበጨበላቸው፤ መስመሩም ተሰረዘ። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ገንዘቧ ግን ወደ ውሃ አልሄደችም፤ ለስብሰባ መስተንግዶ ዋለች። ዛሬ የምጽፍልህ ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ ይበቃል። ይህች ከደብረ ማርቆስ ብዙ የማትርቅ አገር በቅኔ ትምህርት ስሟ የተጠራ ናት። ባለቅኔውና የቴአትር ደራሲው ቀኝጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት እዚያ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለማየሁም አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ከመማራቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነት ትምህርት ቀስመዋል።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ያፈራውን ትምህርት ማን አበላው?

የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቲቱ እመቤት ካላት እንጀራ ትቆርስለታለች። እርሱም ቁራሹን ቀምሶ ወደ ዛፍ ጥላ ይሄድና ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተዋደደ መምህሩ ያርሙታል። ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ጀምሮ ባለስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ገበያ ቢወጣ ምን ያወጣል? ምንም። ቅኔ እንደ ጤፍ በቁና አይሰፈርም። እንጀራውን የቆረሰችው ሴት ምናልባት ግዕዙን አትሰማውም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰጠች፤ ጎረቤቷም ሰጠች፤ መንደሩ ሁሉ ሰጠ። ይህ ገንዘብ ያዥና ደረሰኝ የሌለው ግብር ካልሆነ ሌላ ምን ስም እናወጣለታለን?

መምህሩ ደግሞ ለደብሩ በተሰጠ መሬት ይተዳደሩ ነበር። በዚያ መሬት ገባሩ ምን ያህል ሸክም እንደ ተሸከመ አልዘነጋሁም፤ ያ ሥርዓት ይመለስም አልልም። ነገር ግን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ከገባሩ ሸክም ጋር ቅኔ ቤቱ የተደገፈበት ምርኩዝም አብሮ ሄደ። የመንደሩ ቁራሽ ቀረ፤ እርሱም የገበሬው ማሳ ሲጠብ አብሮ ይጠባል።

ቀኝጌታ ዮፍታሔ አዲስ አበባ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፤ ለተማሪዎቻቸውም ቴአትር ይደርሱ ነበር። (እኔ በዚህ ሥራ ላይ ያለኝን ኩራት ከዚህ እንደ ወረስሁት ልናገር።) በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ተፈሪ መኰንን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጥተው በመንግሥት ወጪ የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። የልጆቹ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን አወጡ፤ ቀኝጌታ ዮፍታሔ ግጥሙን ጻፉ፤ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የተዘመረው ብሔራዊ መዝሙር ከዚህ ተወለደ። የመንደር ቁራሽ ያሳደገው ባለቅኔና በመንግሥት ደመወዝ የሚኖር ሙዚቀኛ የተገናኙት በዚህ ነው። በዚያ ዘመን አገሪቱ ውሃና ሐኪም ተርፏት ነበርን? ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ፣ በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር በተቋቋመ ጊዜስ የጦር መሣሪያ ሞልቶን ነበርን?

የእንግሊዝንም ነገር ተመልከት። በፈረንጆች 1940 ዓ.ም. ለንደን በቦምብ ስትደበደብ መንግሥታቸው ለሙዚቃና ለቴአትር ገንዘብ የሚሰጥ ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር። ከ1942 ጀምሮ የመሩት ኬይንስ የሚባሉት ስመ ጥር የኢኮኖሚ ሊቅ ናቸው፤ የገንዘብን ዋጋ አያውቁም አይባልም።

አንድ ተቃውሞ ግን አለ፤ እኔም እፈራዋለሁ። መንግሥት ከከፈለ አፍ ያስይዛል ይባላል። እውነት ነው፤ በንጉሠ ነገሥቱም በደርግም ዘመን ሳንሱር የደራሲዎችን እጅ አስሯል። ዳሩ ግን ያቺ የገጠር ሴት እንጀራ ከመቁረሷ በፊት «ቅኔህን አሰማኝ፤ ካልወደድሁት አልሰጥም» አላለችም። ገንዘቡ በባለሥልጣን ደስታ የሚሰጥና የሚነሣ ሳይሆን በደንብ ተጽፎ ለዓመታት የሚመደብ፣ ሥራውንም ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች የሚመዝኑት ይሁን። ለቅኔ መምህራን መተዳደሪያ፣ ለተማሪዎቻቸው ቀለብ፣ ለትምህርት ቤት ክበባት ጥቂት መነሻ፤ ከዚህ ቢጀመር ለካዝናው የሚከብደው አይመስለኝም።

የዘንድሮው የባጀት ስብሰባ ደርሷል። የቴአትር ክበቡን ጥያቄ እንደ ገና ጽፌ አስገብቻለሁ። የጠየቅነው የመጋረጃ ጨርቅና ሁለት መብራት ነው። ያ የተከበሩ ሰውም ይገኛሉ ተብሏል።