ለውጭ ሀገር ሥራ ሲዘጋጁ የትኛው ወጪ የማን እንደሆነ ይወቁ

ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነስተው ለቤት ሠራተኛነት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለመጓዝ የሚዘጋጁ ዜጎች፣ በግ ከመሸጣቸው ወይም ገንዘብ ከመበደራቸው በፊት ወጪውን ለይተው ሊያውቁ ይገባል። የኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪዎቹን እንደሚከተለው ለይቶ ደንግጓል።

በአሠሪው የሚሸፈኑ፦
• የመግቢያ ቪዛ
• የደርሶ መልስ መጓጓዣ
• የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ
• የመድን ሽፋን
• የሥራ ውል ማጽደቂያ የአገልግሎት ክፍያ

በሠራተኛው የሚሸፈኑ፦
• ፓስፖርት
• የሕክምና ምርመራና ክትባት
• የልደት የምስክር ወረቀት
• ከወንጀል ነጻ ስለመሆን የሚሰጥ ማረጋገጫ
• የሙያ ብቃት ማረጋገጫ

በመሆኑም ቤተሰብ በጀት ሊይዝ የሚገባው ለሁለተኛው ዝርዝር ነው፤ በዚህም ላይ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲመላለሱ የሚወጣው የመጓጓዣና የማረፊያ ወጪ ይታሰባል። ደላላ ለቪዛ ወይም ለአውሮፕላን ቲኬት ብሎ የሚጠይቀውን ገንዘብ የመክፈል ግዴታ በሠራተኛው ላይ የለም። ለዚህ የተገባ ዕዳ የወራት ደመወዝ ያስቀራል።

ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ቅጂውንም ከሥራ ውሉ ቅጂ ጋር ለቤተሰብ ይተዉ። የሚያጠራጥር ክፍያ ሲጠየቁ፣ ከመክፈልዎ በፊት በወረዳዎ የሚገኘውን የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ያማክሩ።