የካርታ ስሕተት እንዴት ይታረማል?

በእጅ ስልክ ከሚታዩት ካርታዎች አንዱ ኦፕንስትሪትማፕ ይባላል። ሥራው በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተጀመረ። በዓለም ሁሉ የሚገኙ በጎ ፈቃደኞች ያለ ደመወዝ ይሠሩታል። ካርታውን በስልክ የሚያሳዩትን መሣሪያዎች ከሚያዘጋጁትም ሰዎች ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ሞጣንና ቢቸናን በዓይናቸው ያላዩ ሊሆኑ ይችላሉ። መንገዱንና ቤቱን የሚስሉት ከሰማይ ከተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ደመና የሌለበት ፎቶግራፍ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው በበጋ ነው። ከዚህ የተነሣ በጥር ደረቅ ሆኖ የታየው መንገድ በሐምሌ ጭቃ እንደሚውጠው አያውቁም። የቆርቆሮ ክዳኑን ያያሉ እንጂ ቤቱ ጤና ኬላ ይሁን ወፍጮ ቤት ሊለዩ አይችሉም። ይህን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው።

የሰባራ ድልድይን ነገር እንመልከት። ከሞጣ ወደ ጎንደር በኩል ዓባይን የሚያሻግረው ይህ ጥንታዊ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰበረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 የእግረኛ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። እንዲህ ያለውን ቦታ ካርታ «ድልድይ» ብሎ ብቻ ቢጽፈው፣ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ወይም ወላድ የያዘ አምቡላንስ እወንዙ ዳር ደርሶ ይመለሳል።

ስለዚህ ስሕተት ስናገኝ ማሳወቅ ይገባናል። ነገር ግን «ካርታችሁ ውሸት ነው» ማለት ማንንም አይጠቅምም። አረም የሚነቅል ሰው ጤፉን አብሮ አይነቅልም። ለማረም የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ. ቦታውን ለይቶ መናገር፤ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከቤተ ክርስቲያኑ በየት በኩል እንደ ሆነ።
2ኛ. ካርታው የሚለውንና እውነቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ።
3ኛ. ጊዜውን መግለጽ፤ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደማይታለፍ።
4ኛ. በዓይን የታየውን ከተሰማው መለየት።
5ኛ. በአንድ ማስታወሻ አንድ ስሕተት ብቻ መጻፍ።
6ኛ. ትክክል የሆነውንም መመስከር፤ ሠሪው ምኑን መንካት እንደሌለበት ያውቃልና።

ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ «ከትምህርት ቤቱ በስተ ምሥራቅ ያለው መሻገሪያ ዓመቱን ሙሉ የመኪና መንገድ ተብሏል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን መኪና አያልፍበትም። ሐምሌ 12 ቀን ራሴ አይቻለሁ። ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ ትክክል ነው።»

የካርታው ስሕተትና የመሣሪያው ጉድለት ግን ይለያያሉ። መንገዱ ተሳስቶ ከተሳለ ማስታወሻው እካርታው ላይ በቦታው ይተከላል። የአማርኛው ፊደል ካልታየ ወይም መሣሪያው በድንገት ከተዘጋ ግን ጉዳዩ የመሣሪያው አዘጋጆች ነው። ለእነርሱ የስልኩን ዓይነት፣ ምን ተነክቶ ምን እንደ ሆነና ምን ይጠበቅ እንደ ነበር መንገር ያሻል። ይህ ከሌለ ጉድለቱን ፈልገው ሊያገኙት አይችሉም።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! ስልክ የሌለውን ገበሬ ቃል ተቀብላችሁ ጻፉለት፤ መልስ ሲመጣም ንገሩት። ጥያቄው ምላሽ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። የባለቤቱን ስምና የጎተራውን ሀብት ግን በካርታ ላይ አትጻፉ።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይብራራ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በወጣ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች መሬታችን ሊለካ ነው ብለው መቃወማቸው ይታወሳል። ዛሬም ካርታ ሲባል የሚሠጋ ቢኖር አያስደንቅም። የበጎ ፈቃደኞች ካርታ ግብር አይጥልም፤ የድንበር ክርክርም አይፈታም። ለይዞታ ማስረጃ የሚሆነው የመሬት አስተዳደር የሚሰጠው ደብተር ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ የልማት ሠራተኛውና ገበሬዎቹ ተሰብስበው የቀበሌውን መሻገሪያዎች አንድ በአንድ ከካርታው ጋር ያመሳክሩ። በመስከረም ደግሞ ጎርፍ የለወጠውን ይመልከቱ።